ሒሳብ ደርሷት ስታለቅስ ቀናሁባት

የአክስቴ ልጅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቦርሳዋን ይዤላታለሁ፣ ሶፍት አቀብላታለሁ፣ በውስጤ ደግሞ እቀናባታለሁ። ሰው መቼም በሚስቅ ሰው ነው የሚቀናው። አዲስ ጫማ ባደረገ፣ ፀጉሩ ባማረለት ሰው ይቀናል። እኔ ግን ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ በምትንሰቀሰቅ ልጅ ቀናሁ። የምታለቅሰው ሒሳብ ትምህርት ክፍል ስለተመደበች ነው። እኔም የቀናሁባት ለዚሁ ነው።

ድሮ ቢሆን ይህን ለማንም አልናገርም ነበር። መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ ግን አመሌ ተለውጧል። የሚያሳፍር ነገር ሲገጥመኝ "ውይ፣ ይቺማ ትጻፋለች" እያልኩ ደስ ይለኛል። እንግዲህ ትጻፍ።

በዚህች ልጅ መቅናት የጀመርኩት ያን ቀን አይደለም። እናቶቻችን እህትማማቾች ናቸው፤ እሷ የባቱ ልጅ፣ እኔ የአዳማ። ክረምት ሲመጣ ወይ እኔ ወደ እነሱ እሄዳለሁ፣ ወይ እሷ ወደ እኛ ትመጣለች። ባቱ ስሄድ ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ በስሟ ይጠሯታል፤ ሐይቁ ዳር ያሉት ዓሣ ሻጮች ለእሷ ሲሆን ይመርቁላታል። አዳማ ስትመጣ ደግሞ ለእኔ ሰላምታ እንኳ የማይሰጡኝ የሰፈሬ ልጆች በማግሥቱ የእሷ ጓደኞች ሆነው ደጃችን ላይ ይኮለኮላሉ። ሶደሬ ለዋና ስንሄድ እኔ የገንዳውን ጠርዝ ጨብጬ እግሬን እነክራለሁ፣ እሷ ከነሳቋ ዘላ ትገባለች። እማዬም "እስቲ እንደ እህትሽ ቀልጠፍ በይ" ትለኛለች። እኛ ቤት የአክስት ልጅ እህት ነው የሚባለው፤ እህት መሆኗ ደግሞ ቅናቱን አባሰው እንጂ አልቀነሰውም።

የእኔ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሒሳብ። እሷ ደብተሯን ወደ እኔ ገፍታ "በናትሽ ይቺን ሥሪልኝና ልውጣ" ትላለች። እሠራላታለሁ። እሷ ትወጣለች፣ እኔ የሚቀጥለውንም እሠራለሁ። ማንም ሳያዘኝ፣ እንደ ቆሎ።

አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ክፍል ደረሰን። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ያስተማሩን መምህር ግራጫ ጃኬታቸውን በሙቀት እንኳ የማያወልቁ፣ ድምፃቸው ከኋላ ወንበር የማይሰማ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ገብተው "ከአንድ ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች ይበዛሉ ወይስ ከእነሱ ውስጥ ለሁለት የሚካፈሉት ብቻ?" ብለው ጠየቁን። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ "ሁሉም ይበዛሉ" አለ። እሳቸው ሰሌዳው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ወደ ጎን ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። አንዱን ከሁለቱ፣ ሁለቱን ከአራቱ፣ ሦስቱን ከስድስቱ በመስመር አገናኙና ዞረው "እስቲ ጥንድ ያጣ አሳዩኝ" አሉ። ፈለግን። ጥንድ ያጣ የለም፤ እስከ መቼም ብንሄድ አይኖርም። "እንግዲያው እኩል ናቸው" አሉና ጠመኔውን አስቀመጡ።

የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ "ሰውዬው ምሳ አልበሉም መሰለኝ" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ እጄ ላይ ያለው ፀጉር ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ ቤት ስሄድ ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ከባቱና ከመቂ ገበሬዎች ገዝቶ አዳማ ያራግፋል። ግማሹ ከሙሉው ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ አለ ብዬ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና "ጥሩ ነው" አለ። "ይህን ሚዛን ግን ገበያ ይዘሽብኝ እንዳትመጪ።"

ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ክፍል የመምረጥ ነገር መጣ፤ እሱን ተከትሎ የእሑድ ምሳችን ክርክር ሆነ። ጉዳዩ ዕዳ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ለምግቡና ለመኝታው፣ ከትምህርቱም በከፊል፣ የወጣለት በስሙ ይመዘገባል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልሳል፣ እስኪጨርስ ድረስ ዋናው ዲግሪ እጁ አይገባም። አባዬ ይህን የሰማ ቀን አእምሮው እንደ ሚዛን ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ኮምፒውተር ሳይንሱ ስንት ዓመት ነው?"

"አራት።"

"ሒሳቡስ?"

"እሱም አራት።"

"ያው ወጥ፣ ያው አልጋ፣ ያው ዕዳ። ጥሩ። በአንድ ዋጋ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ቢያቀርቡልሽ፣ አንዱ ጆንያ ትልልቁ፣ አንዱ ጆንያ ደቃቁ ቢሆን፣ የቱን ትሸከሚያለሽ?"

"ሒሳብ ደቃቁ መሆኑ ነው?"

"እኔ ምን አልኩ? የጠየቅሁት ስለ ሽንኩርት ነው።"

እማዬ ምሳሌ አላጣችም። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖረው ጎረቤታችን ሒሳብ የተማረ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ከሰዓት ከቤት ቤት እየዞረ የሰው ልጆች ያስጠናል፣ አከራዩ ዋጋ በጨመረ ቁጥር አንድ ልጅ ይጨምራል። መንገድ ማዶ ያለችው የስፌት ቤቷ ሴትዮ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር ተምሮ ለውጭ ሰዎች ከቤቱ ይሠራል፤ ለእናቱ ግቢውን አጥሮ፣ ሴራሚክ አንጥፎ ሰጥቷታል። "እሷ ሴራሚኳን ስትወለውል እኔ እዚህ ሆኜ ይታየኛል" አለች እማዬ። የቅናት ነገር ከማን እንደወረስኩ ያን ቀን ገባኝ።

"አስተማሪ ከሆንኩ ዕዳውን በማገልገል መክፈል ይቻላል አሉ" አልኩ።

"በማገልገል ማለት በጉልበት ማለት ነው" አለ አባዬ፣ እንጀራውን እየጠቀለለ።

እኔም ሞኝ አይደለሁም። መኝታ ክፍሌ ገብቼ ራሴ አሰላሁት። በሒሳብ የምትመረቀው እኔ ዕዳዬን በቀስታ ስከፍል፣ ለጓደኛ ሠርግ የሚሆን ልብስ ከሰው ስዋስ ታየኝ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ታየችኝ። እሷ ከመጀመሪያ ጀምሮ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው ያለችው። ዕዳዋን በአጭር ጊዜ ዘግታ፣ ኦሪጅናል ዲግሪዋን ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላ፣ እኔን ቡና ስትጋብዘኝ ታየኝ። ሒሳቡን ትቼ ገና ባልተቀጠረችበት ደመወዝ መቅናት ጀመርኩ። ሁለቱ ነገር ሆዴ ውስጥ አልታረቅ አለ፤ ሰሌዳው ላይ ያየሁት መስመርና ይህ ደመወዝ።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን "ነጥብሽን አታባክኚ" የሚለው ነገር ነበር። በእኛ ዘንድ ትምህርት ክፍል የሚመረጠው በፍላጎት አይደለም፣ በነጥብ ነው። ሰው የሚፈልጉት ክፍል ከፍተኛ ነጥብ ይጠይቃል፤ ሒሳብ ማንም ስለማይሽቀዳደምበት የቀረውን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ ጥሩ ነጥብ ያለው ሰው ሒሳብ ቢገባ ነጥቡን እንደ ደፋ ይቆጠራል። ኪሱ ውስጥ ያለው ብር እንዳያልቅበት ሳይሆን እንዳይተርፍበት ብሎ ገበያ ላይ ያለውን ውድ ዕቃ እንደሚገዛ ሰው ማለት ነው፤ ዕቃው ምን እንደሆነ ቤት ደርሶ ያየዋል። የእኔ ነጥብ ደግሞ ከክፍላችን ከላይ ነበር።

እንዲህም ሆኖ የምርጫ ወረቀቱ ሲመጣ አንደኛ ብዬ ሒሳብ ጻፍኩ። ኮምፒውተር ሳይንስን መጨረሻ ላይ አደረግሁት፣ ብቀናበትም። ወረቀቱን ለክፍል ተወካያችን ሰጠሁ፤ እሱ ሰብስቦ ያስገባል። ልቤ ቀለለኝ፤ ያን ቀን ሁለት ምሳ በላሁ።

ምደባው ሲለጠፍ በስሜ አንጻር ያለው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው።

ተወካዩን ፈልጌ አገኘሁት። ሻይ ቤት ነበር፣ ገና ሲያየኝ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ።

"እኔ እንዲህ ብዬ አልሞላሁም።"

"አውቃለሁ። ገልብጠሽ ነው የሞላሽው። መጨረሻውን አንደኛ አድርገሽ፣ አንደኛውን መጨረሻ። በዚህ ነጥብሽ ሒሳብ ሊያስገቡሽ ነበር እኮ። ሳስገባ አቃናሁልሽ።"

"አልገለበጥኩትም። እንደዛው ነው የፈለግሁት።"

ሻዩን አስቀምጦ ዓይኔን እያየ ትንሽ ጠበቀ፣ እስክስቅ ማለት ነው። አልሳቅሁም። "አንቺ ልጅ" አለ በመጨረሻ፣ "ደህና ነሽ?"

ክፉ ሰው አይደለም። ውለታ የዋለልኝ ነው የመሰለው። መዝገብ ቤት ስጠይቅም የተለጠፈው እንደማይነሳ፣ የሚለወጠው እስከ ሰኞ ድረስ ብቻ፣ እሱም የሚለዋወጠኝ ሰው ካገኘሁ እንደሆነ ተነገረኝ።

ከዚያ እየሮጥኩ ወደ ሰሌዳው ተመለስኩ። የአክስቴ ልጅ ነጥብ አልበቃም። ሥሩ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። በዚህ ዓለም እኔ የምፈልጋትን አንዲት ቃል፣ ያቺን ሒሳብ የምትለዋን፣ በስሟ አጠገብ አስጽፋ ታለቅሳለች። በደመወዙ ስቀና የነበርኩት እኔ፣ ያን ሰዓት ኮምፒውተር ሳይንስ እጄ ላይ ነው፣ ደመወዙም በለው ሴራሚኩም በለው የእኔው ነው። ቅናቱ ግን አለቀቀኝም፤ ዞሮ ወደዚያች ወደምታለቅሰው ሄደ። ስንት እሑድ ያሰላሁትን ነገር ሆዴ በአንድ አፍታ ጨረሰልኝ።

"አንቺማ ምን አለብሽ" አለችኝ በሶፍቱ ውስጥ። "ሁሌም የምትፈልጊው ይሆንልሻል።"

ይህን ከእሷ አፍ መስማቴን ማመን አቃተኝ። "እኔ? እኔ ነኝ የሚሆንልኝ?"

"አዎ አንቺ። ሒሳቡን ውሰጂልኝ እንግዲህ፣ ካማረሽ።"

"እሺ።"

ለቅሶዋ እንደ ቧንቧ ተዘጋ። "ምን አልሽ?"

"እሺ አልኩ። እንለዋወጥ። እስከ ሰኞ ይቻላል።"

ሶፍቱን ከፊቷ አነሳች። "ምን ፈልገሽ ነው? ያን ጥቁር ጃኬቴን ከሆነ ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር።"

"ጃኬትሽን አልፈልግም።" ይህ ውሸት ነው፣ ጃኬቷን እፈልገው ነበር።

"እናቴ ፊት ትደግሚዋለሽ?"

"እደግመዋለሁ።"

አላመነችኝም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ይዛኝ ባቱ ሄደች፣ እናቷ ፊት ቃሌን ልታስይዘኝ። እኔም ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። አባዬ ያን ቀን እዚያው ሽንኩርት ሊገዛ መጥቷል። ምደባው በተለጠፈ ቀን እማዬ በስልክ እልል ብላልኛለች፣ እሱም "አኮራሽኝ" ብሎኛል። ሳልነግረው ብፈርም ማንም አይከለክለኝም። ግን "አኮራሽኝ" ያለኝን ሰው ተደብቄ መኖር አልፈለግሁም።

ማሳው ላይ አገኘሁት። የአክስቴ ልጅ ጫማዋ እንዳይበላሽ ባጃጁ ውስጥ ቀረች። ባለ ማሳው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ አባዬ ኮፍያውን አንስቶ "አካም ጅርቱ፣ አባቴ" አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ "ኢንታላ ኬቲ?" አሉ፣ ልጅህ ናት ወይ ማለታቸው ነው። "አዎ፣ የኮምፒውተር ተማሪ ናት" አለ አባዬ ደረቱን ነፍቶ። መሬት ሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽንኩርቱ ገና አልተነቀለም። አባዬ የሚገዛው እንዲህ ነው፤ ከመሬት ሳይወጣ፣ ቅጠሉን አይቶ፣ ጥቂቱን ነቅሎ፣ ማሳውን በሙሉ በቁሙ ዋጋ ይቆርጣል። ዳር ዳሩን አልፎ ወደ መሃል ገባ። ተከተልኩት።

"ለምን ከዳር አትነቅልም? የዳሩ ያምራል እኮ።"

"ቢያምርማ። ዳሩ ቦዩ ሥር ነው፣ ጠግቦ ይጠጣል። ዳሩን አይቶ የገዛ በመጨረሻ መኪናውን ይሸጣል። ማሳ የሚታወቀው ከመሃሉ ነው።" ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለ፣ አፈሩን አራገፈ፣ በመዳፉ መዘነ።

ይህን ለመናገር አስቤ አልመጣሁም፤ አፌ ራሱ ነው የተናገረው። "ታዲያ የስፌት ቤቷን ሴትዮ ልጅ ስታዩ ዳሩን አይደለም ያያችሁት?"

ቀና አለ።

"ኮምፒውተር ተምረው ሴራሚክ ያላነጠፉም አሉ። እሱ ቦዩ ሥር የበቀለው ነው።"

"ጎረቤታችንስ? ሒሳብ የተማረው?"

"እሱንም ያያችሁት ከአጥር ውጭ ነው። ደስ ይለው አይለው ማን ጠየቀው?"

አባዬ ሌላ ሽንኩርት ነቀለ። ደቀቅ ያለ ነበር። "አንቺስ" አለ፣ "አንቺ መሃሉን ነቅለሽ አይተሻል?"

"ዓመት ሙሉ ነቀልኩ። ግማሹ ከሙሉው እኩል የሆነበትን ነግሬህ የለ።" ከዚያ ሁሉንም አወጣሁት። ተወካዩ ምርጫዬን እንደገለበጠው፣ እስከ ሰኞ መለዋወጥ እንደሚቻል፣ ሰሌዳው ሥር በምታለቅስ ልጅ እንደቀናሁ። በመጨረሻው ላይ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ታገለ።

"በለቅሶ ቀናሽ?"

"ቀናሁ።"

ደቃቁን ሽንኩርት አስይዞኝ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ። ዋጋ ተነጋገሩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አባዬ ሊሄድ መሰለ፣ ተጠራ፣ ተመለሰ፣ እጅ ተጨባበጡ። እኔ ደቃቁን ሽንኩርት እንደ እንቁላል ይዤ ቆሜያለሁ። የእኔ ዋጋ ገና አልተቆረጠም።

ወደ መንገዱ ስንወጣ ነው የመለሰልኝ። "ይኸውልሽ። ይህን ማሳ የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ብከስር ማንም አይከፍልልኝም። ስለዚህ ማንም ይሄን ግዛ፣ ያን ተው አይለኝም። የአንቺን ዕዳ የሚቆርጡት ከማን ደመወዝ ነው?"

"ከእኔ።"

"ከእኔ ቢሆን ኮምፒውተር ነበር የምልሽ። የሚከፍል ሰው ግን ዕቃውን ራሱ ይመርጣል።" ትንሽ ሄድን። "ብቻ ነገ ከነገ ወዲያ እህትሽ መኪና ስትገዛ፣ እቤቴ መጥተሽ በቅናት እንዳትታመሚብኝ።"

"እሱን ቃል አልገባም።"

ሳቀ። "እንደማትገቢ አውቃለሁ። የእናትሽ ልጅ አይደለሽ።"

አክስቴ ቤት ስንደርስ ቃሌን ደገምኩ። አክስቴ አቅፋ አነባችብኝ። "ለእህትሽ ብለሽ ዕድልሽን?" አለች። "አይ አክስቴ፣ ሒሳብ ስለምወድ ነው" አልኳት። "ዝም በይ፣ ትሕትናሽ ነው" አለችኝ። ጎረቤቶቿ ተሰበሰቡ፣ ለእነሱም እውነቱን ነገርኩ፣ እነሱም አነቡ። ሒሳብን የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ የሚያምን አልተገኘም፤ መሥዋዕትነት ግን ሁሉም ያምናል። ትልቁ ዓሣ ለእኔ ቀረበ። የአክስቴ ልጅ ትንሹን እያገላበጠች "ቅድስት ሆነሽ ልትቀሪብኝ ነው በቃ" ብላ አጉረመረመች። በእኔ ስትቀና ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ዓሣው እንዴት እንደጣፈጠኝ አልደብቅም።

ሰኞ ተፈራረምን። በሳምንቱ አክስቴ ለልጇ ላፕቶፕ ገዛችላት። ያገለገለ ነው፣ ግን ሲከፈት ቁልፎቹ ሥር መብራት ይበራል። ለእኔ የደረሰኝ ጥቁር ጃኬቱ ነው። በላፕቶፑ ቀናሁ፣ አሁንም እቀናለሁ፤ ለአባዬ ቃል ያልገባሁት አውቄ ነው።

የመጀመሪያው የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ የገባሁበት ክፍል ለቅሶ ቤት ይመስላል። ሁሉም አገጩን ይዟል። ባለ ግራጫ ጃኬቱ መምህራችን ገቡና በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው "ሒሳብን አንደኛ ምርጫው ያደረገ አለ?" አሉ። እጄን አወጣሁ። ብቻዬን ነበርኩ። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ተሳስተሽ ነው?"

"አልተሳሳትኩም፣ መምህር። ተለዋውጬ ነው የመጣሁት።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፉና ለሁላችንም ሰጡን። ቀላል መሰለኝ፣ ጀመርኩት፣ መሃል ላይ ያዘኝ። ጎኔ የተቀመጠችው ከአዳሚ ቱሉ የመጣች ልጅ ናት፤ ከአፍታ በፊት ቤተሰቦቿ ስላዘኑባት ስታማርር ነበር። እስክሪብቶዋን እያኘከች፣ ወረቀቱን በቅጡ እንኳ ሳታይ፣ በሁለት መስመር ጨረሰችው። ከዚያ መልሳ አገጯን ያዘች።

በአክስቴ ልጅ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ወንበሬን ጎትቼ አጠገቧ ተጠጋሁና "ያቺን ሁለተኛዋን መስመር" አልኳት፣ "ከየት አመጣሻት?"